ቃለ ጉባኤ፣ ገጽ አሥራ ሰባት

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ እጄ አይነሣም ለድምፅ፣
ሥራው የሰው አፍ ተከትሎ መሮጥ ነው ከገጽ ገጽ።
ሐዋሳ፣ በሚያዝያ፣ ከሰዓት፣ ሙቀቱ ሲያፍን፣
ከሐይቁ የዓሣ ሽታ ገብቶ አዳራሹን ሲሸፍን፣
ከጣሪያው ጫፍ አባ ኮዳ ራሰ በራውን ደፍቶ
እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቁልቁል ያያል ተኮራምቶ።

አጣሪ ኮሚቴው ተሰይሟል፤ ሰባት ወንበር፣ ሰባት ውሃ፣
የታሸገ፣ የቀዘቀዘ። ጉዳዩም እሱው ነው፤ ውሃ።
የሁለት ቀበሌ ቧንቧ፣ አራት መቶ ዘንግ ብረት
ከመጋዘን ወጣ ተባለ፤ አልታየም የገባበት።

ሰብሳቢዋ ብርቅነሽ ዳንጊሶ ክፉ ሰው አይደለችም፤
የመረጧትን ሴቶች ጀርባ፣ የጀሪካኑን ጠባሳ አልረሳችም።
ባለፈው ክረምት ሁለት ሕፃን በተቅማጥ ሞቶ ሲቀበር
በጭቃው ላይ ከነጫማዋ ከእናቶቹ ጎን ቆማ ነበር።
ታዲያ ብትቆጣ፣ ብትጠይቅ፣ "ማን በላው?" ብላ ብትጮህ፣
ማን ይፈርድባታል? ምክር ቤትስ ለምን ቆመ ያለዚህ?

ተጠያቂው ባራሳ ዱካሌ። የመጋዘን ሠራተኛ።
"ምስክር" ይላል መጥሪያው፤
ወንበሩ ግን ብቻውን ነው፣ መሐል ላይ፣ እንደ እስረኛ።
መጥሪያው የደረሰው ትናንት፣ ማታ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፤
ስሙ ግን ሦስት ቀን ሆኖታል በሬዲዮ ተጠርቶ።
ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ፣
"አባ፣ ሌባ ነህ ወይ?" አለችው፣ እንደ ቀላል ነገር፣ እንደ ዋዛ።

"ሰነዱ እጃችን ላይ አለ፤ ፊርማህ ነው ወይስ አይደለም?"
"ልየው።"
"መልስ! ነው፣ ወይም አይደለም።"
"ሳላየው እንዴት..."
"ይህ ፍርድ ቤት አይደለም።"

እውነቷን ነው፤ አይደለም። አያስሩም፣ አይቀጡም እዚህ።
ግን ሰው በየትኛው ስሙ ነው ቤቱ የሚገባው ከዚህ?

ባራሳ ዝም አለ፤ ወደ ኋላ አላለም፣ ወደ ፊት አልሄደም።
"ጻፊ" አለችኝ ሰብሳቢዋ፤ "ተጠይቆ አልካደም።"

እስክሪብቶዬ ቆመ። አልካደም፦ አምስት ፊደል ናት፤
አንድ ሰው ከነቤተሰቡ የሚቀበርባት።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማር፣ በሙግት በቅሎ የተረታ፣
"በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ..." ይል ነበር ማታ ማታ፣
"ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ..." ቀሪውን አይጨርስም፤
ዛሬ ነው የገባኝ፤ የዚህ ሰው ጭብጦ ስሙ ነው፤ ስም።

ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ፣ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ሳያነሡ፣
"አፊኒ?" አሉ ቀስ ብለው፤ ለማንም አልነበረም፣ ለራሱ
ለአዳራሹ ነው እንጂ። በሲዳማ ሸንጎ የነገር ቁልፍ፤
"ሰምታችኋል ወይ?" ሳይባል የማንም ደጅ አይታለፍ።

ጥቂት ሰው ሣቀ። ሰብሳቢዋ አልሣቀችም።
መነጽሯን አወለቀች። ውሃውን አነሣች፣ ግን አልጠጣችም።
እኔም፣ ሥራዬ ባይሆን፣ ያየሁትን ጽፌ አነበብኩ፦
"ምስክሩ ሰነዱን ልየው አለ፤ አላሳዩትም።"
ከዚያ ተቀመጥኩ።

ዐሥር ቀን ተሰጠው፤ ቅጂውም፣ ከጎኑ የሚቆም ሰውም ተፈቅዶ።
ሲመለስ ገጽ በገጽ አየ፤ ጣቱ ቀስ ብሎ ወርዶ፣
"ይህች የኔ ናት" አለ፤ "አርባ ዘንግ፤ በቃል ታዝዤ ያወጣኋት፤
ጥፋቴ ነው። የሦስት መቶ ስድሳዋን ግን
ከዛሬ በፊት አላየኋት።"

"ማን አዘዘህ?" አለች ብርቅነሽ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበረ፤
ያን ጊዜ ነው ከፊት ወንበር አንዱ ባለሥልጣን
ሰዓቱን ማየት የጀመረ።

ባራሳ ተቀጣ፤ ለአርባው። ለሦስት መቶ ስድሳው አይደለም።
ልጁ ምን እንዳለችው ቃለ ጉባኤ ውስጥ የለም።
ቧንቧው እስካሁን አልመጣም፤ የሴቶቹ ጀርባ አላረፈም፤
ብርቅነሽም ጠረጴዛ መምታቷን ጨርሳ አልተወችም።

ገጽ አሥራ ሰባት ላይ፣ ከኅዳጉ፣ አንዲት የቀለም ጠብታ አለች፤
እስክሪብቶዬ የቆመባት።
አልፋቅኳትም። ትታይ።